ማቆሚያው በማን እጅ ነው?



የተሰጠኝ ርዕስ «ቴክኖሎጂን ከመማር ማስተማር ጋር ማቀናጀት» ይላል። በዚህ ርዕስ ሥልጠና ያልወሰደ መምህር በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ሰርተፊኬቱም ቤታችሁ ተቀምጧል። ስለዚህ እንደ ሞጁል ትርጉም፣ ጥቅም፣ ተግዳሮት፣ መፍትሔ እያልኩ አላደክማችሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። መሣሪያው ክፍል ውስጥ ሲገባ፣ «ቆዩ፣ እዚህ ላይ እንቁም» ማለት የሚችለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስተማረን ፕላዝማ ነው።

ወጣቶቹ ላታስታውሱት ትችላላችሁ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በየክፍሉ «ፕላዝማ» የምንላቸው ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ይተከሉ ጀመር። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ ይሠራጭ ነበር። ሐሳቡ የቀልድ አልነበረም። ትምህርት ቤት በፍጥነት እየተስፋፋ ነው፤ ብቁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ግን በዚያ ፍጥነት አይገኝም። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል በብዙ ቦታ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። ታዲያ የአዲስ አበባውም የጠረፉም ተማሪ እኩል፣ አንድ ዓይነት፣ በደንብ የተዘጋጀ ትምህርት ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ሊትመስ ወረቀት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ቀለሙ ሲለወጥ አየ። የልብ ክዳኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አየ። ይህን ውለታ የሚክድ ሰው የዚያን ጊዜውን ባዶ ሰሌዳ የረሳ ነው።

ግን ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን አስታውሱ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከፊት ጥቂት ደቂቃ ለክፍሉ መምህር ይሰጣል፣ ማስተዋወቂያ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከመጨረሻ የቀረችው ትርፍራፊ ደግሞ ለመምህሩ ትመለሳለች፣ ማጠቃለያ። በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰኮንድ ትጠብቃለች፤ መልሱን ተናግራ ትቀጥላለች። ማን እንደመለሰ፣ ማን ገና ጥያቄውን እየገለበጠ እንደሆነ አታውቅም፤ ልታውቅም አትችልም። ልጁ ከአንደኛ ደረጃ የመጣው ብዙውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነበት፤ ያውም ጆሮው ባልለመደው አነጋገር፣ ያውም በሚሮጥ ፍጥነት። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አለፈ። ነገ ሌላ ርዕስ ነው።

በዚያ መካከል የክፍሉ መምህር የት ነበር? በር አጠገብ ቆሞ ነበር። አርባ፣ ስልሳ ፊት ከፊቱ ተደርድሯል። ከሁለተኛው ረድፍ ያለችው ልጅ ግራ ሲገባት እስክሪብቶዋን እንደምታስቀምጥ ያውቃል። ግማሹ ክፍል የቬክተር ድምር ላይ እንደቀረ ከፊታቸው ያነባል። ያያል፤ ያውቃል፤ ግን ማቆም አይችልም። ቢያጠፋው የቀረው ትምህርት ያልፋቸዋል፤ ቢተወውም እያለፋቸው ነው። በፌርማታ በማይቆም አውቶቡስ ውስጥ እንደተሳፈረ ረዳት ሆነ፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ቢልም ሾፌሩ ሌላ አገር ነው ያለው።

ፕላዝማ ለምን ከሸፈ ሲባል የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መብራት፣ መለዋወጫ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ የባለሙያ እጥረት። እውነት ነው፤ ሁሉም ነበረ። እኔ ግን እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉም ኖሮ ችግሩ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የመምህርነት ሥራ ትልቁ ክፍል የት ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ ወደኋላ እንደሚመለስ፣ የትኛውን ምሳሌ ጥሎ በየትኛው እንደሚተካ መወሰን ነው። ፕላዝማ የወሰደው ያንን ነው። ከዚያም አልፎ በተማሪው ዓይን መምህሩን አሳነሰው። «ቲቸር፣ ፕላዝማው ግን እንዲህ አይደለም ያለው» የሚለው አባባል ያን ጊዜ የተወለደ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ተማሪው አጥሩን የነቀነቀው ባለቤቱ ሲናቅ ስላየ ነው። የናቀው ደግሞ ተማሪው ሳይሆን አሠራሩ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ሲኒማ በቅርቡ መጽሐፍን ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣ ተናግሮ ነበር። ከእሱ በኋላ ሬዲዮ መጣ፤ ቴሌቪዥን መጣ፤ ኮምፒውተር መጣ። ላሪ ኩባን የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎታል፤ ተስፋው ሰማይ ይነካል፣ መሣሪያው ይገዛል፣ ክፍል ውስጥ ግን እምብዛም አይነካም፣ በመጨረሻም ወቀሳው መምህሩ ላይ ይወርዳል። የመጨረሻዋን ነጥብ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቋታላችሁ።

መምህሩን ጨርሶ ማስወጣትም እዚሁ እኛ አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ሰጠ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ያኔ ለዓለም የነገረው ታሪክ ዝነኛ ነው። አንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ልጆቹ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ልጆቻችን ብልሆች ለመሆናቸው ምስክር አያስፈልገንም ነበር፤ ለማንኛውም እናመሰግናለን። ግን ልብ በሉ። በሶላር ቻርጅ ማድረግ የተማረ አዋቂ ሰው እዚያ ነበረ። በየሳምንቱ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን የሚቀይር ባለሙያ ነበረ። ሰው ሳይጠፋ፣ የጠፋው መምህር የሚባለው ሰው ብቻ ነው። የፊደል መዝሙር መዘመርና ማንበብ ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ክፍል ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

የዚያው ድርጅት ላፕቶፕ በብዛት የገባባት አገር ፔሩ ናት። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ላፕቶፑን ያገኙትን ካላገኙት ጋር አነጻጸረ። ከ15 ወር ያህል በኋላ በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ልዩነት አልተገኘም። ኮምፒውተሩ ደርሷል፤ መምህሩ ግን ማክሰኞ ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚያደርግበት የነገረው፣ ከዚያም ይበልጥ የጠየቀው የለም።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ልውሰዳችሁ፤ ጊዜ መውሰድ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ኪሱሙ አካባቢ የተደረገ ሙከራ አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ንባብ ለማሻሻል በተዘረጋ አንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ ትምህርት ቤቶቹን በቡድን ከፈሉ። በአንደኛው ለተማሪዎቹ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ተሰጠ። በሁለተኛው ታብሌቱ ለመምህራኑ ተሰጠ። በሦስተኛው ለመምህሩም ለተማሪውም ምንም አልተሰጠም፤ ታብሌቱ የተሰጠው ክፍል እየገባ መምህሩን ለሚያግዘው ሱፐርቫይዘር ነው። ከፕሮግራሙ ውጪ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የሦስቱም ተማሪዎች ንባብ ተሻሻለ። በሦስቱ መካከል ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ወጪው ሲሰላ አዋጪ የሆነው ለሱፐርቫይዘሩ የተሰጠው ነው። አስቡት፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ መሣሪያ ከመግዛት፣ ለብዙ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ጋ አንድ መሣሪያ።

ኬንያውያን ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ከሙከራው የተማሩትን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2015 «ቱሶሜ» የተባለውን አገር አቀፍ የንባብ ፕሮግራም ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የታተመ መጽሐፍ፣ አዎ፣ የወረቀት መጽሐፍ። ለመምህሩ ዝርዝር የመምህር መምሪያ። ታብሌቱ ለሱፐርቫይዘሩ። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይከታተል፣ ያየውን ታብሌቱ ላይ ይሞላ፣ ሲያልቅ ሦስት ልጆችን አስነስቶ ያስነብብ፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይወያይ ነበር። የት እንደሄደ ታብሌቱ በጂፒኤስ ይመዘግብ ነበር፤ የትራንስፖርት አበሉ የሚከፈለውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ ቼክሊስት መሙላት ቀረ ማለት ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አልፈርድባችሁም። አምስት ትምህርት ቤት በእግር አዳርስ ተብሎ፣ አበሉ ሦስት ወር ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ቼክሊስቱን ቤቱ ቢሞላ አይገርመኝም።

ቱሶሜን የወደድኩት ቴክኖሎጂው ከመምህሩ ኋላ ስለቆመ ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚያየው መምህሩንና መጽሐፉን ነበር። ትምህርቱን የሚያስኬደውም የሚያቆመውም መምህሩ ነበር። መሣሪያው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበር፤ መምህሩ ብቻውን እንዳይቀር ያደርግ ነበር። የእኛ አገር መምህር ትልቁ ችግር ደግሞ ብቸኝነት ይመስለኛል። ሱፐርቪዥን ሲባል የሚመጣው ሰው የዕለት ዕቅዱ ላይ ፊርማ መኖሩን አይቶ ይሄዳል፤ ያቺን የቬክተር ድምር በሌላ መንገድ እንዴት ላስረዳት ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

ስለ እጅ ስልክ ደግሞ ሳንናገር አንሄድም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ከተማ ውስጥ መምህራን ማስታወሻ እየጻፉ፣ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ላኩ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ተሞከረ። ስልክ የሌለው ቀረ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያው ወቅት ቦትስዋና ውስጥ የተደረገ ጥናት በኋላ ብዙ ሰው ያስገረመ ነገር አገኘ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ብቻ ተላከ። ለሌሎቹ መልእክቱም ተላከ፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ተደወለላቸው፤ ወላጅና ልጅ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ከደዋዩ ጋር ጥያቄውን አብረው ሠሩ። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። የተደወለላቸው ተሻሻሉ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም፤ ያቺ በየገጠሩ ያለችው ባትሪዋ ሳምንት የሚቆየው ስልክ ትበቃለች። ደዋዩ ልጁ ዝም ሲል ይሰማዋል፤ ይቆማል፤ «እስቲ እንደገና፣ ሰባትን ከአሥራ ሁለት ስትቀንስ…» ይላል። ያ ዝምታ ቴሌግራም ላይ አይታይም።

አሁን ከማውቃቸው መምህራን ሥራ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ስማቸው ቢጠራ ነገ ለአሥራ አምስት ትምህርት ቤት አሠልጥኑ ተብለው ክፍላቸውን ይለቃሉ።

አንዱ ፊዚክስ ያስተምራል። ያለው አንድ ላፕቶፕና ከቢሮ ተለምኖ የሚገኝ ፕሮጀክተር ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸውን «ፌት» የሚባሉ የሳይንስ ማሳያዎች በፍላሽ አምጥቶ ጭኗል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ነፃ ናቸው። አምፖሎችን በተከታታይ አገናኝቶ ያሳያል፤ ከዚያ እጁን ከመዳፊቱ ላይ ያነሳል። «ሦስተኛ አምፖል ብጨምር ምን ይሆናል? ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» ይላል። ክፍሉ ይጽፋል። «የሚደምቅ ያለው እጅ ያውጣ። የሚደበዝዝ ያለው? የማይለወጥ ያለው?» ከዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይከራከራሉ፣ በአማርኛ፣ በጩኸት። መልሱ አንዲት ጠቅታ ናት፤ እሱ ግን አይጫናትም። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ያቆያቸዋል። ሲጫናት ሦስቱም ይደበዝዛሉ፤ ግማሹ ክፍል ይጮኻል። ጎን ለጎን ትይዩ አድርጎ ሲያገናኛቸው ደግሞ ድምቀታቸው እንዳለ ይቆያል፤ ክርክሩ እንደገና ይነሳል። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የባትሪ ድንጋይና ትንንሽ አምፖል አውጥቶ ያንኑ ያሠራቸዋል። ዕቃው ውድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጠቅታዋን ስላዘገያት ነው ትምህርቱ የተገኘው።

ሌላዋ ሦስተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። መሣሪያዋ የስልኳ ድምፅ መቅጃ ነው። በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ልጅ አንድ አጭር አንቀጽ አስነብባ ትቀዳለች። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማይጽፍ፣ ልጁ ፊደሉን እየጠራ ብቻ ይሁን ገብቶት ያንብብ የሚለየው በጆሮ ነው። ማታ ቤቷ ትሰማዋለች፤ የመስከረሙን ከኅዳሩ ጋር ታስተያያለች። ወላጅ ሲመጣ «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይረብሻል» ከማለት ይልቅ ሁለቱን ታሰማለች። አንዲት እናት ሁለቱን ሰምታ «ይሄ የእኔ ልጅ ነው?» ማለቷን ነግራኛለች። ኢንተርኔት የለም፣ ፕሮጀክተር የለም። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ሲፒዲ) ሪፖርት ላይ ይህን የምትጽፍበት ሣጥን ግን አላገኘችም፤ ቅጹ የሚጠይቀው «ስንት የአይሲቲ መሣሪያ ተጠቀሙ» ብሎ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲ ምን ትላለህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ባጭሩ፣ የቤት ሥራ ተሠርቶ መምጣቱ ከእንግዲህ ተማሪው ለመሥራቱ ማስረጃ አይደለም። ቀድሞም ሙሉ ማስረጃ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድም ያለው ያውቃል። የቤት ሥራውን እንደመነሻ ወስዳችሁ፣ ልጁን ሰሌዳ ላይ አውጥታችሁ «ሁለተኛዋን መስመር እንዴት አገኘሃት?» በሉት። እናንተ ራሳችሁ ለጥያቄ ማዘጋጃ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ያወጣላችሁን ግን አንድ በአንድ ሠርታችሁ አረጋግጡ፤ ተሳስቶም ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎቻችሁ ከፈተናው ቀን በፊት ኪቦርድና መዳፊት ነክተው ማወቅ አለባቸው። ይህ ግን የመለማመድ ጉዳይ ነው፤ የማስተማር ጉዳይ አድርገን አናካብደው።

እዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም ስላላችሁ አንድ ነገር ለእናንተ። መምህሩ አዲስ መሣሪያ እንዲጠቀም ከፈለጋችሁ ጊዜ ስጡት። በሳምንት 25 እና ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ የ60 ልጅ ደብተር የሚያርም ሰው፣ ያቺን የአምፖል ማሳያ መቼ ቁጭ ብሎ ይሞክራት? የሁለት ቀን ሥልጠና በአበል ሰጥቶ መመለስ ጊዜ መስጠት አይደለም። ክፍለ ጊዜ ቀንሱለት፤ ከሌላ መምህር ጋር አንድ ትምህርት አብሮ እንዲያዘጋጅ ፕሮግራም ላይ አስገቡለት። ሞክሮት አልጠቀመኝም ካለም «ለውጥ የሚቃወም» አትበሉት፤ በር አጠገብ ቆሞ የነበረው መምህር ያን ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር ይነግራችሁ ነበር።

ለሚቀጥለው ግዥ ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ። ስማርት ክላስ ይሁን ታብሌት፣ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት አቅራቢው ዕቃውን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አያሳያችሁ። ከከሰዓት ፈረቃ አንድ ክፍል ይመረጥ፤ የራሱ መምህር በራሱ ርዕስ ያስተምርበት። በትምህርቱ አጋማሽ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ቆጣሪውን ያጥፋ። አቅራቢውም ከኋላ ወንበር፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተጠጋግቶ ይቀመጥ። ውሉ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ ያው መምህር ይሁን።